የጥላው ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት ሰይድ ሳይነግረኝ ብሎኬት አስመጣ። ሰይድ ባለቤቴ ነው፤ ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ አመሉን ገና አልጨረስኩትም። ቤታችን ኮምቦልቻ፣ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ፊቱ ላይ ሰፋ ያለ በረንዳ አለው። ባጃጅ የሚጠብቀው፣ ዝናብ ድንገት የያዘው፣ ከገበያ ሲመለስ ፀሐይ ያደከመው ሁሉ እዚያ ቆሞ ያርፋል፤ እኔም በመስኮት ወሬያቸውን እየሰማሁ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። ሰይድ ግን ባዶ ቦታ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። በረንዳውን ዘግቶ ሱቅ ሊያደርገው፣ ለሞባይል ጠጋኝ ሊያከራየው አሰበ። እኔ ምን እንደምል አሳምሮ ስለሚያውቅ መጀመሪያ ግንበኛውን ቀጠረ፤ እኔን ለመጨረሻ አቆየኝ።

ብሎኬቱን የጫነው መኪና ደጃችን ሲቆም ሾፌሩ ወርዶ ትክ ብሎ አየኝ። ሽበታም፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ነው። «እትዬ ዘሃራ? የአሰቧ?» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ነው ያወቅሁት። ጌታቸው ነው፤ ያኔ የአሰብ መንገድ ተሳቢ ላይ ረዳት የነበረው፣ አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ፣ በረንዳችን ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው። ተቃቅፈን ሳምንት የማይበቃው ወሬ በአንድ ትንፋሽ ልናወራ ስንታገል፣ ድንገት ዝቅ ባለ ድምፅ «የአደይ ምሕረትን ሰምተሻል አይደል?» አለኝ። አልሰማሁም። «የድንበሩ መንገድ ለጥቂት ጊዜ የተከፈተ ሰሞን የወንድማቸውን ልጅ አዲስ አበባ አግኝቼው ነበር። ካረፉ ቆይተዋል አለኝ።» ሌላም ነገር ነገረኝ፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። ሰይድ ጓሮ ከግንበኛው ጋር እየተጨቃጨቀ ነበርና አልሰማም። እኔም አልነገርኩትም። ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ በመስኮቱ በኩል ብሎኬቱ ሲደረደር ይሰማኛል።

አሰብን ለማያውቅ ሰው ሙቀቱን መንገር ከንቱ ነው። እኔም ደሴ ሆኜ ሰይድ ሲያወራልኝ እያጋነነ ይመስለኝ ነበር። በዚያን ጊዜ መኪና መንዳት ትቶ እዚያው ሱቅ ሊከፍት ተነሥቶ ነበርና አገባኝና ወሰደኝ። መጀመሪያ የገባነው ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር፣ ጣውላና ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ቀን ቤቱ ምጣድ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት መልሶ ይተፋዋል። ከደሴ ያመጣሁትን ጋቢ ከሻንጣ አውጥቼ አላውቅም። አርግዤ ነበር፤ ልጄ በአምስት ወሩ ወረደ። ሐኪሙ ብዙ ምክንያት ነገረኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሙቀቱ ነው የምለው። ከአልጋ ስነሣ ለሰይድ አንድ ነገር ነገርኩት፦ ሌላ ባረግዝ በዚህ ከተማ አልወልድም፤ ጓዜን ጠቅልዬ እናቴ ዘንድ እገባለሁ፤ ከገባሁም የምመለስ አይምሰልህ። ሰይድ ቀልዴን እንዳልሆነ ገባው። ከሁለት ወር ፍለጋ በኋላ መሀል ከተማ፣ አሰብ ሰጊር፣ ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ የሆነ አሮጌ ቤት አገኘ።

መሀል ከተማው ትንሽ ነበር። ከመስጊዱ ተነሥቶ ወደ ጉምሩኩ በር የሚወርድ አንድ ዋና መንገድ፣ እሱን የሚያቋርጡ ጥቂት መንገዶች፣ አንድ ሲኒማ ቤት፣ አንድ ፎርኖ የምንለው ዳቦ ቤት፣ ከዚያ ባሕር። ግን እንዲያ ያለ መንገድ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ኖራው በተላጠበት ቦታ ቀረብ ብሎ ላየው ዛጎሉ፣ ትንንሹ ቀንድ አውጣ፣ እንደ ጥልፍ ተሰክቶ ይታያል። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ላይኛው ፎቅ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ የእንጨት ሰገነት አለው፤ ጣውላው እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ውስጥ ያለው ውጭውን የሚያይበት፣ ውጭ ያለው ግን ውስጡን የማያይበት። ታችኛው ደግሞ በቅስት በቅስት የተያያዘ በረንዳ ነው። ሁሉም ኖራ የተቀባ፣ በሩና መስኮቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ። ማን እንደሠራው ጠይቆ አንድ መልስ ያገኘ ሰው የለም። ፊት ለፊታችን የነበሩት የመናዊው ልብስ ሰፊ ዐም ሳሌሕ፣ አጎት ሳሌሕ እንደማለት ነው፣ «ሁሉንም የመን ነው የሠራው» ይላሉ። ፎቅ ላይ የሚኖሩት አደይ ምሕረት ደግሞ «ጣልያን አዘዘ፣ አባቶቻችን ተሸከሙ» ይላሉ። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ሻይ ይበርዳል።

አደይ ምሕረት፣ በትግርኛ እናቴ ምሕረት ማለት ነው፣ ከደጋው የመጡ፣ ባላቸው ወደብ ላይ ሲሠሩ የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልነበራቸው ሴት ነበሩ። እንደኛው ተከራይ ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት ባሕር ማዶ ይኖራል፣ ኪራዩ ከደረሰው ስለ ቤቱ ግድ የለውም። የገባሁ ዕለት ከላይ ወርደው መስኮቶቼን በሙሉ ብርግድ አድርጌ ከፍቼ አዩኝ። «ጓለይ፣ ይሄን ቤት እንደ ደሴ ቤት አትያዥው» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ አማርኛቸው ንጹሕ ነበር፣ ሲቆጡና ሲወዱ ግን ትግርኛው ይቀድማቸዋል። ከዚያ ስለ ፐርሲያናው አስተማሩኝ፦ ዘንበል ዘንበል ያሉ ጠባብ ጣውላዎች የተደረደሩበት የመስኮት መዝጊያ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ይዘጋል፤ ቀትር ላይ ወለሉ ላይ ውኃ ይረጫል፤ አመሻሽ ላይ የባሕሩ ወገን ይከፈትና ነፋሱ በበረንዳው ገብቶ፣ በሱቁ አልፎ፣ የኋላ ክፍላችንን አቋርጦ በግቢው በኩል ይወጣል። መጋረጃው ሲነሣ ከላይ «መጣልሽ?» ብለው ይጠሩኛል። «መጣ፣ አደይ» እላለሁ። እንደ እንግዳ ነበር የምንጠብቀው። በዚያ ቤት አንድ ክረምት ካሳለፍኩ በኋላ አረገዝኩ፤ እናቴ ዘንድ እገባለሁ የሚለውን ነገር ማንሣት ተውኩ። ሰይድም እንዳልሰማ ሆኖ ተወው።

የመንገዱ ትልቁ ነገር ግን ጥላው ነበር። በረንዳዎቹ አንዱ ከሌላው የተያያዙ ስለሆኑ ከመስጊዱ እስከ ጉምሩኩ በር ድረስ ፀሐይ ሳይነካህ ትሄዳለህ። በረንዳው የሱቁ አካል ነው፣ ጥላው ግን የመንገደኛው ነው፤ ይህን የጻፈ የለም፣ የማያውቅም የለም። ዕቃ ዘርግቶ መንገድ የሚዘጋ አይገኝም። እያንዳንዱ ሱቅ ምሰሶው ሥር በርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውኃ እንስራ ያስቀምጣል፤ ያለፈ ያገደመ ቀድቶ ይጠጣል፣ «ረሕመት ለወላጆችህ» ብሎ ያልፋል። ነጋዴው ሽርጡን አገልድሞ፣ ሴቶቹ ስስ ድሪያቸውን ለብሰው፣ የወደብ ጸሐፊዎቹ ነጭ ሸሚዛቸውን እጅጌውን ሰብስበው፣ ሁሉም በዚያች ጥላ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋሉ። ከራሔይታ የሚመጣው አፋሩ ዓሣ ሻጭ ዘንቢሉን ተሸክሞ በዚያው ነው የሚያልፈው፤ ክንድ የሚያህል ዓሣ በሁለት ብር፣ ሲመሽ ደግሞ በአንድ ብር፣ ከምሽቱ ጸሎት በኋላ ደግሞ «ውሰዱት» ብሎ ይሰጠናል። ቀትር ላይ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ከተማው በሙሉ ይተኛል፤ ውሻው እንኳ አይጮህም። አሥር ሰዓት ላይ ፎርኖው ዳቦ ሲያወጣ ሽታው ይቀሰቅሰናል። አመሻሽ ላይ ከዐም ሳሌሕ ሬዲዮ የኤደን ዘፈን፣ ከሾፌሮቹ ጋቢና የወሎ ትዝታ፣ ከሲኒማው የህንድ ለቅሶ ይቀላቀላል። ዛሬ አንዱን ብቻውን ብሰማው አይጥመኝም።

ያ ጊዜ የወደቡ ደግ ጊዜ ነበር። መኪናው ተራ ሲጠብቅ እስከ ከተማው ዳር ይሰለፋል። ሰይድ የሚሸጠው ሳሙና፣ ቴርሞስ፣ ብርድ ልብስ፣ የሴት ሸርተቴ ጫማ ሱቁን ሞልቶ አልጋችን ሥር ደረሰ። አንድ ቀን በረንዳውን ከምሰሶ እስከ ምሰሶ በዓይኑ ሲለካ አየሁት። «ምን እያየህ ነው?» አልኩት። «ይሄ ቦታ እኮ ባዶውን ነው የቆመው» አለኝ። «ሰው ይሄድበታል።» «ሰውማ መንገዱ አለለት።» ስድስት ወሬን ይዣለሁ፣ እግሬ አብጧል፣ ለመጨቃጨቅ አቅም የለኝም፤ ቢሆንም ተጨቃጨቅኩ። «ነፋሱስ?» አልኩት። «መስኮት እተውለታለሁ» አለኝ፤ ለነፋስ ተራ የሚያስይዝለት ይመስል። የደጋ ሰው አይደል፤ ለእሱ ግድግዳ ማለት ደግ ነገር ነው፣ ብርድና ሌባ የሚመልስ። ከተማው በሚተኛበት ሰዓት ከካምፖ ሱዳን ሁለት ግንበኛ አምጥቶ ሥራውን ጀመረ፤ በሁለተኛው ቀን ግድግዳው ቆመ። ያመሻሹን መጋረጃዬን ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። አልተነሣም። ከላይ አደይ ምሕረት «መጣልሽ?» አሉ። «አልመጣም፣ አደይ» አልኩ። ሌሊቱን ወለሉ ላይ ርጥብ አንሶላ ላይ ተኝቼ ሆዴን ይዤ የመጀመሪያውን ልጄን አሰብኩ። ጠዋት ሻንጣዬን አወረድኩ። «ነገ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ፈልግልኝ፤ ከረዳቱ ጋር ጋቢና እቀመጣለሁ» አልኩት። ሰይድ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን ያሠራውን ማፍረስ ደግሞ ሞቱ ነው። «ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። ሰው ምን እንደሚለው ገና አላየም።

ለነገሩ ማንም ምንም አላለውም። ሲያልፉ ሰላምታቸውን አላጓደሉም። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ከጥላው ይወርዱና በፀሐይ ዞረው፣ ከማዶው ምሰሶ እንደገና ይወጣሉ። «አሰላሙ ዐለይኩም ያ ሰይድ» ይሉታል ከፀሐዩ ውስጥ ሆነው፤ እሱም አንገቱን አውጥቶ ይመልሳል። በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ግን ዐም ሳሌሕ ሰሌናቸውን ይዘው መጡ። ከግድግዳው ፊት፣ ጠራራው ላይ አነጠፉትና ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ቀጥለው አደይ ምሕረት በደረጃው ወረዱ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ የቅርብ ሰው እንደሞተበት። ተቀመጡ። የፎርኖው ሰውዬ መጣ። የማዶው ሽቶ ሻጭ ከነሚስቱ መጣ። ማንም አይናገርም። ያላወቀ መንገደኛም ሲያይ ጊዜ ጫማውን እያወለቀ ይቀመጣል፤ ለቅሶ አይቶ የሚያልፍ ሰው በዚያ ከተማ አልነበረም። ያ የራሔይታው ዓሣ ሻጭ ዘንቢሉን አስቀምጦ ፋቲሓውን ቀራ፣ ፊቱን ዳበሰ፣ ከዚያ ነው ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ «ማነው ሟቹ?» ያለው። ጌታቸውና ሾፌሩ መኪናቸውን አቁመው መጡ።

ሰይድ ወጥቶ ሰዉን ሲያይ ደነገጠ። ፎቅ ላይ ሰው የሞተ መስሎት አደይ ምሕረትን ፈለገ፤ እሳቸው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም በር ላይ ቆሜያለሁ። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለ።

ዐም ሳሌሕ ቀና አላሉም። «ጥላችን» አሉ። «ትናንት ሞተብን። አላህ ይዘንለት፤ ለሁሉም ደግ ነበር።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ ሰይድ ወደይ፣ ልጄ» አሉ አደይ ምሕረት። «ቤትህ ነውና የሞተው፣ ሐዘንተኛው አንተ ነህ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ሲሆን የሰይድን ፊት ማየት ነበር። ሐዘንተኛ ከሆነ ደግሞ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፤ ለዚያውም በዚያ ፀሐይ። ሳይወድ በግዱ ውኃ አመላለሰ፣ የፎርኖውን ዳቦ ገዝቶ አቀረበ። ሰዉ ይበላል፣ ይጠጣል፣ «ያጽናህ» ይላል፣ አይነሣም። ላቡ ከሽማግሌዎቹ ጢም ላይ ሲንጠባጠብ አየ። አደይ ምሕረት በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ሲጠርጉ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ሻንጣዬ ከኋላዬ ነበር። ሱቅ ገባ፤ መዶሻ ይዞ ወጣ። ግንበኛ እንኳ አልጠራም፤ በነጭ ሸሚዙ እንዳለ ከላይኛው ረድፍ ጀመረ። ጌታቸው ሮጦ ሄዶ ያግዘው ጀመር። የመጀመሪያው ብሎኬት ሲወድቅ አደይ ምሕረት ብድግ ብለው ነጠላቸውን ገልብጠው በደንቡ ለበሱ። ዐም ሳሌሕ ሰሌናቸውን ጠቀለሉ። ሰይድ ኖራና ሲሚንቶ ሆኖ ሲጨርስ ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር። ከላይ «መጣልሽ?» ሲሉ ሰማሁ፤ መጋረጃው ሳይነሣ በፊት እንባዬ መጣ። ሻንጣዬን ወደ አልጋው ሥር መለስኩት። ሐያትን የወለድኩት በዚያ ቤት፣ ፐርሲያናው ተከፍቶ ነው። አደይ ምሕረት እትብቷን አሰሩ፤ ዐም ሳሌሕ ስም አወጡላት።

ከዚያ ያለው አጭር ነው፤ ማሳጠሩንም እመርጣለሁ። የጦርነቱ ወሬ እየከፋ መጣ። መኪናው አንድ ቀን ቀነሰ፣ ሌላ ቀን ጭራሽ ቀረ። የወደቡ ክሬን አንገቱን እንዳቀና ቆመ። ሾፌር የሌለበት ከተማ እንዴት ዝም እንደሚል ያላየ አያውቀውም። ተራው ሲደርሰን እኛም ጠቅልለን ተነሣን። ቁልፉን ለአደይ ምሕረት ሰጠኋቸው። ሐያትን አቅፈው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ «ቤቱ እንዳይታፈን አመሻሽ ላይ እየወረድኩ እከፍትላችኋለሁ፤ እስክትመጡ» አሉኝ። እስክትመጡ ነው ያሉት። እኔም እሺ አልኩ። በደባይሲማ በኩል ወጣን፤ ሐያት መንገዱን ሙሉ ተኛች፤ ሰይድ ከድሮ የሾፌር ጓደኛው የተዋሰውን መኪና እየነዳ ሚሌ ደረስን። ድንበሩ ተዘጋ፤ ስልክ የለ፣ ፖስታ የለ። ደኅና ናቸው እያልን ኖርን።

ጌታቸው ያለኝ ሌላው ነገር ይኸው ነው። የወንድማቸው ልጅ እንደነገረው፣ አደይ ምሕረት እስከ መጨረሻው፣ ጉልበታቸው ደረጃውን መውረድ እስኪያቅተው ድረስ፣ አመሻሽ ላይ ወርደው የእኛን ፐርሲያና ይከፍቱ ነበር። ጠዋት ደግሞ ይዘጉታል። ሱቁ ባዶ ነው፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ዐም ሳሌሕም ወደ የመን ተሻግረዋል። ለማን እንደሚከፍቱ ሲጠየቁ «ለሐያት እናት» ይሉ ነበር አሉ።

ብሎኬቱ በመጣ ማግስት ግንበኛው ገመዱን ወጥሮ ሲሚንቶ ማቡካት ጀመረ። በረንዳው ላይ ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት፣ ከሰል የተሸከሙ ሽማግሌ። እኔ ሰሌን ከቤት አወጣሁ። ከብሎኬቱ ፊት፣ ፀሐዩ ላይ አነጠፍኩት። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ ጥለቱን አንገቴ ላይ አደረግሁት፣ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ግንበኛው አካፋውን ይዞ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ሰይድ ወጣ። አየኝ፤ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ፊቱ ላይ ያ የአሰብ ጠራራ ፀሐይ ሲመጣ አየሁት፤ ጥርስ የጎደለው አፉን ከፍቶ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ዘመኑ።

«በቃ፣ ገባኝ!» አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቀሽ አመጣሽብኝ? ተነሺ፣ ፀሐይ ይመታሻል። ብሎኬቱን ጌታቸው ይመልሰው። ተነሺ አልኩሽ፣ የማፈርሰው ምን አለ፣ ገና አልሠራሁም እኮ!»

አልተነሣሁም። ሳቁ ቀስ እያለ ሄደ።

«ማነው?» አለኝ።

«አደይ ምሕረት» አልኩት።

ቆቡን አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርገው እንዳላወቀ ሁሉ በእጁ ያዘው። ጉልበቱን ያመዋል፤ በአንድ እጁ ትከሻዬን፣ በሌላው ብሎኬቱን ተደግፎ ከጎኔ ተቀመጠ። ጌታቸው የነገረኝን ነገርኩት። ስለ ፐርሲያናው ስነግረው ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ለእሳቸው፣ ለቤቱ፣ ለመንገዱ፣ አይቼው ለማላውቀው ለመጀመሪያው ልጄም።

ከሰል የተሸከሙት ሽማግሌ ሸክማቸውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ወረዱና ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ያጽናችሁ ልጆቼ» አሉ፤ ማን እንደሞተ አልጠየቁም። ልጅ ያዘለችው ሴት ቀጠለች። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ታቅፈው መጡ። ግንበኛው እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ባጃጅ መጣ፣ ጥሩንባውን ነፋ፤ የሚሳፈር አጥቶ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሁላችንም ፀሐዩ ላይ ነበርን፤ ጥላው ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም።